ሁለት ሆኖ የታየኝ አምፖል

ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. በገና በዓል ዕለት ከሰፈራችን ልጆች ጋር በሜዳ ላይ ገና እንጫወት ነበር። ጥንጓን ለመምታት ጎንበስ ባልሁ ጊዜ ጓደኛዬ ያነሣው ዱላ ከቀኝ ዓይኔ በታች መታኝ። ደም አልፈሰሰም፤ ዓይኔም አልቀላም። በገና ጨዋታ ቂም መያዝ ነውር ነው፤ ደግሞም ጓደኛዬን አባቱ እንዳይገርፈው ብዬ «ወድቄ ነው» አልሁ።

ማታ ግን ቀና ብዬ ባየሁ ጊዜ አንዱ አምፖል ሁለት ሆኖ ታየኝ። ጉንጬ ደነዘዘ፤ ሁለት ጊዜም አስመለሰኝ። አያቴ «ልጄ፣ ቅቤ ልቀባህና ተኛ፤ ይሻልሃል» አሉኝ። በማግሥቱ ጧት ሻይ ስቀዳ ከብርጭቆው ውጭ አፈሰስሁት። ያን ጊዜ ፈራሁና እውነቱን ለእናቴ ነገርኋት፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ጣታቸውን ወደ ላይ እያነሡ በዓይኔ እንድከተል አዘዙኝ። ግራው ተከተለ፤ ቀኙ ግን መንገድ ላይ ቆመ። በሲቲ ስካን ካዩ በኋላም ነገሩን አስረዱን። ዓይን የተቀመጠበት ጎድጓዳ ስፍራ በ7 አጥንቶች የተሠራ ነው፤ ወለሉ ግን እጅግ ስስ ነው። የልጅ አጥንት እንደ እርጥብ እንጨት ስለሚለመጥ፣ ሲመታ ተከፍቶ መልሶ ይገጥማል፤ ዓይንን የሚያንቀሳቅሰውንም ጡንቻ እንደ ወጥመድ ይይዘዋል። ማስመለሱም ከዚሁ የመጣ ነበር። ጡንቻው ደም አጥቶ እንዳይጎዳ ፈጥኖ በቀዶ ሕክምና መፈታት አለበት። ከወለሉ በታች አየር ያለበት ክፍት ቦታ ስላለም አየሩ ወደ ዓይኔ ዙሪያ እንዳይገባ አፍንጫዬን እንዳልናፈጥ ከለከሉኝ።

በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ዛሬ መጽሐፌንና ሰሌዳውን አጥርቼ አያለሁ፤ በጣም ቀና ስል ግን አንዱ ነገር አሁንም ሁለት ይሆንብኛል። ጓደኛዬ ሊጠይቀኝ መጥቶ «ለእኔ ብለህ ዓይንህን ልታጣ ነበር!» ብሎ አለቀሰ። አባቱም ከበስተኋላው ቆመው ነበር፤ አልተቆጡትም።

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ፊታችሁን ወይም ራሳችሁን ተመትታችሁ ነገር ሁለት ሆኖ ቢታያችሁ፣ እይታችሁ ቢደበዝዝ ወይም ቢያስመልሳችሁ፣ ቁስል የለም ብላችሁ አትዘናጉ። ዓይናችሁን ሳታሹና ሳትጫኑ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ሂዱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ እኔም በዝምታዬ የጠቀምሁት ማንንም አልነበረም።