የሚቆፈር ወለል

ለመስታወት ገንዳ ዓሣ መምረጥ የዓይን ሥራ ነው፤ ወለል መምረጥ ግን የዓሣውን ጠባይ ማወቅ ይጠይቃል፤ በተለይ ዓሣው ሲክሊድ ከሚባለው ሰፊ ቤተሰብ የሆነ እንደሆነ። አንባቢም ይህን ቤተሰብ ሳያውቀው ያውቀዋል። በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዳር ተጠብሶ የሚቀርብለት ቆሮሶ የዚሁ ዘር ነው። ወንዱ ቆሮሶ ውኃው ጥልቅ ባልሆነበት ዳርቻ በአፉ እየዛቀ ክብ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና በአፏ ሰብስባ እስኪፈለፈል ይዛው ትቆያለች።

የአገሪቱ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚገኘው እኔ በምኖርባት በሰበታ ነው። የእኔ ገንዳ ግን ርዝመቷ 1 ሜትር፣ ስፋቷ 40 ሳንቲሜትር ናት፤ ለቆሮሶ አትበቃም። ያኖርሁባት ከአዲስ አበባ የገዛኋቸውን የማላዊ ሐይቅ ትንንሽ ሲክሊዶች ነው። እነርሱም በአፋቸው የሚታቀፉ፣ አሸዋ ሲቆፍሩ የሚውሉ ናቸው።

ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሰበታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፣ እኔ ግን ሦስቱን የማውቃቸው በየመንገዱ ዳር በተከመረው የግንባታ ዕቃ ነው። በሦስቱም ተከራይቼ ኖሬአለሁ። ወለል ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ገበያ የለም።

በቡራዩ ከድንጋይ ካባው የሚወጣው ጥቁር ጠጠር ያምራል፤ የዓሣውንም ቀለም ያጎላል። ነገር ግን የተፈጨ ድንጋይ ስለት አለው። ሲሚንቶ የሚወደው ያንን ስለት ነው፤ አሸዋ በአፉ አፍሶ በስንጥቡ የሚያጣራ ዓሣ የሚጠላውም ያንኑ። ደግሞ የምግብ ፍርፋሪ በጠጠሩ መካከል ገብቶ ይበሰብሳል። ከሱሉልታ ማዶ ከደርባ በኩል የሚመጣው የኖራ ድንጋይ ሌላ ጸጋ አለው። ሎሚ ጠብ ቢያደርጉበት ይፈላል፤ በውኃም ውስጥ በጥቂቱ እየሟሟ ውኃውን ያከብደዋል፤ የማላዊ ዓሦች ደግሞ ከባድ ውኃ ይስማማቸዋል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ድንጋይ ከእርሱ ወሰድሁ፤ ለወለልነት ግን አልሆነኝም። የሰበታን ጥቁር አፈርማ ማን ያነሳዋል? ገና ሲነካ ገንዳውን ሁሉ ያደፈርሳል።

የቀረው አሸዋ ነበር። ከስምጥ ሸለቆ ለግንባታ ከሚመጣው አንድ ጆንያ ከግንበኞች ገዛሁ። በወንፊት ነፋሁት፤ በጣቶቼ መካከል እያሸሁ ሻካራውን ለየሁ፤ በባልዲ አጠብሁት። ከእሳተ ገሞራ የተረፈ ቀላል ድንጋይ ከላይ ሲንሳፈፍ እየቀፈፍሁ ጣልሁ። ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ሁለት እሑድ ፈጀብኝ። 4 ሳንቲሜትር ከፍታ ለመሙላት 16 ሊትር፣ በሚዛን 25 ኪሎ ያህል ይገባል፤ ከዚህ ቢወፍር ከሥሩ አየር አጥቶ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያመጣል። ድንጋዮቹን ከአሸዋው በፊት በገንዳው መስታወት ላይ አስቀመጥኋቸው፤ በአሸዋው ላይ ቢቀመጡ ዓሣው ሥራቸውን ሲቆፍር ይናዱበታልና።

በአራተኛው ቀን ከባንክ ስመለስ ወንዱ የግራውን ጥግ ቆፍሮ፣ አሸዋውን ወደ መካከል ከምሮ አገኘሁት። እንዳማረ ደልድዬው የነበረው ወለል ተዘበራርቋል። እኔ በምኖርበት ቤት ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት በውል የተከለከለ ነው፤ ቆሜ ሳየው ቀናሁበት ብል ሐሰት አይሆንም።

ከሳምንት በኋላ ሴቷ ጉንጯ ተነፍቶ መብላት አቆመች። አከራዬ ለወሩ ኪራይ ሲመጡ ገንዳውን አይተው፣ «ይቺ ምን ሆና ነው የማትበላው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ልጆቿ አፏ ውስጥ ናቸው» አልኋቸው።

ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩአት። «እስከ መቼ?»

«ሦስት ሳምንት ያህል ትጾማለች።»

በመጪው ወር ኪራዩ እንደሚጨምር፣ ካልተስማማሁም ቤቱን እንድለቅ ነግረውኝ ነበር። ገንዳ ደግሞ ውኃና አሸዋ እንደያዘ አይጓጓዝም፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል። አሸዋው በጆንያ፣ ዓሦቹ በባልዲ፣ ውኃው በጀሪካን መሄድ አለባቸው፤ አፏን ሞልታ የያዘች እናት ደግሞ ስትደነግጥ ልጆቿን ልትተፋ ትችላለች።

እማማ በሩ ላይ ደርሰው ዘወር አሉ። «እንግዲያው እስክትገላገል ድረስ አታንቀሳቅሳት» አሉና ወጡ። ስለ ኪራዩ ያሉት ነገር የለም።