ሁለት ኮከቦች

በጥቅምት፣ ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር፣ የዋጃ ሜዳ በማማ ይሞላል። አጎቴ ጎሕ ሳይቀድ ማማው ላይ ይወጣና ወንጭፉን እያጮኸ እስኪመሽ ድረስ ወፍ ሲጠብቅ ይውላል። በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ልጠይቀው ስሄድ ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የገዛሁትን አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ይዤ ነበር። ርዕሱ «ዴዝ ስታር» ይሰኛል፤ የሞት ኮከብ ማለት ነው። ማይክል ሪቭስና ስቲቭ ፔሪ የጻፉት ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሲሆን፣ «ስታር ዋርስ» የተባለውን የ1977ቱን ፊልም ታሪክ ከክፉዎቹ ጎራ ውስጥ ሆኖ ይተርካል።

ፊልሙን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ጨረቃ የሚያህል ምሽግ በሰማይ ላይ ይንሳፈፋል፤ አንድ ትእዛዝ ይሰጣል፤ አልደራን የተባለች ፕላኔት ከነሕዝቧ ትበተናለች። የተኮሰው ማን ነው? ፊልሙ በጥቁር የራስ ቁር የተሸፈኑ ጥቂት ሰዎችን ለአፍታ አሳይቶን ያልፋል። መጽሐፉ ግን የራስ ቁሩን ያወልቅላቸዋል። በዚያ ምሽግ ውስጥ ሐኪም አለ፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አለ፤ መጠጥ ቤት የምታስተዳድር ሴት አለች። ቴን ግራኒት የሚባል፣ በሙያው የሚኮራ ተኳሽም አለ። ምኞቱ ያንን ታላቅ መሣሪያ መተኮስ ነበር፤ ደረሰለትም። ከአልደራን በኋላ ግን ሰላም አጣ። በመጨረሻ ዳግም እንዲተኩስ ሲታዘዝ «ቆዩ… ቆዩ…» እያለ ያዘገያል። እርሱ ሲያዘገይ ምሽጉ ይፈነዳል። በፊልሙ ውስጥ ያ ቃል ማንም ልብ የማይለው ተራ የወታደር ቃል ነው።

አጎቴም መድፈኛ ነበር። የእርሱ ኮከብ ቀይ ነው። በ1974 ዓ.ም. በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ ኤርትራ ከዘመቱት አንዱ ነበር፤ ናቅፋ ግን አልተያዘችም። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከስቶና ጠቁሮ ዋጃ ገባ። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ልጆች «ጨፍጫፊው» ይሉት ጀመር። እኔም ልጅ ነበርሁና ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ ብዬዋለሁ። ሰምቶኛል።

ያንን ዘመቻ ከውስጥ ያሳየን በዓሉ ግርማ ነው። የ«ኦሮማይ» ተራኪ ጸጋዬ ኃይለማርያም የመንግሥት ጋዜጠኛ ነው፤ ሥራው ዘመቻውን ማስተጋባት ነው። እኛም አብረነው አስመራ እንገባለን፤ አብረነው እናፈቅራለን፤ አብረነው እንጠራጠራለን። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን እንጂ የጠላት ጸሐፊ አልነበረም። ጠላት የሚጽፈውን «ውሸት ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ከውስጥ የመጣውን ግን እንዲህ ብሎ ማለፍ አይቻልም። ገዢዎቹን ያስፈራቸውም ይኸው ይመስለኛል።

አንድ ቀን ከማማው ሥር ተቀምጬ የቴንን ታሪክ ለአጎቴ ነገርሁት። ወንጭፉን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ አዳመጠኝ።

«ማንን እንደመታ ዐወቀ?» አለኝ።

«ዐወቀ፣ አያ።»

«ለእኛ የሚሰጠን ቁጥር ነበር። በቁጥሩ መድፉን እናስተካክላለን፤ እንተኩሳለን፤ ሌላ ቁጥር ይመጣል። ከተራራው ማዶ ማን እንዳለ አይነገረንም። እኛም አንጠይቅም።» ጥቂት ቆየና «እኔ የምጠየቀው ባለመጠየቄ ነው» አለ። ከዚያ ወፎቹ መጡና ተነሣ።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት በራያ ሜዳ ሲያልፍ አጎቴ ዋጃ ነበር። አክስቴ እንደነገረችኝ፣ ሌሊት መድፍ ሲያጓራ የልጅ ልጆቹን አቅፎ ግድግዳ ሥር ይቀመጥና «አሁን ቁጥር ተቀየረላቸው» ይል ነበር። ሲተኩስ የኖረው ሰው ቤቱ ከቁጥሩ ማዶ ሆነ። የሚተኩሱትን ግን አልረገማቸውም። «ልጆች ናቸው፤ አልተነገራቸውም» ይል ነበር አሉ።

እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ክፉውን ነጻ ያወጡታል የሚሉ አሉ። እኔ ግን እንደዚያ አላነበብኋቸውም። የቴን ጸጸት አልደራንን አይመልሳትም፤ የአጎቴ ዝምታም በናቅፋ ተራሮች የቀሩትን አያስነሣም። መጽሐፎቹ የወሰዱብኝ አንድ ነገር ነው፤ ክፉ የሚሠራ ሰው ከእኔ የተለየ ፍጥረት ነው የሚለውን መጽናኛዬን። ያ መጽናኛ ከሄደ በኋላ ጥያቄው ወደ ራሴ ዞረ፤ ቁጥሩ ለእኔ ቢሰጠኝ «ቆዩ» እል ነበር?

ልጅ ሳለሁ አንድ ቃል ተሰጥቶኝ ነበር፤ «ጨፍጫፊው» የሚል። ከማዶ ማን እንዳለ ሳልጠይቅ ወረወርሁት። ስለዚያ እስከ ዛሬ አጎቴን ይቅርታ አልጠየቅሁትም። ዘንድሮ ማሽላው ሳይታጨድ ዋጃ መሄድ አለብኝ።