ስላልተጻፈው ሕግ

«ጊክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የዛሬ መቶ ዓመት ግድም በአሜሪካ ለንቀት ይነገር ነበር። ከተማ ለከተማ እየዞሩ ትርኢት ከሚያሳዩት ሰዎች መካከል፥ የሕያው ዶሮ አንገት በጥርሱ እየቈረጠ ተመልካቹን የሚያስደነግጠው ሰው በዚህ ስም ይጠራ ነበርና። ዛሬ ግን ቃሉ ከውርደት ወደ ክብር ተሻግሯል፤ የኮምፒዩተርን ጥበብ ከልቡ የወደደ ሰው «እኔ ጊክ ነኝ» እያለ ይመካበታል።

ስሙ መክበሩ መልካም ነው። ነገር ግን ማንም ያልጻፈው፥ ሁሉም የሚጠብቀው ሕግ አብሮት መጣ። ጊክ የተባለ ሰው ሌሊቱን በሥራ እንዲያድር፥ ስለ ልብሱ እንዳያስብ፥ ከሰው ይልቅ ከመሣሪያ ጋራ መዋልን እንዲወድ፥ ሙያውንም ከልጅነቱ የጀመረው እንዲሆን ይጠበቅበታል። የዘመድ ስልክ ሲበላሽ በነጻ ያበጃል፤ አላውቅም ማለት አይፈቀድለትም። እኔም በዚህ ሙያ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ሆኖም ከሰው ጋራ መጫወት እወዳለሁ፤ በጊዜም እተኛለሁ። ስለዚህ አዲስ የሚተዋወቀኝ ሁሉ «አትመስልም!» ይለኛል። ለእኔ ነገሩ የሚያስቅ ነው፤ በሌላው ላይ ግን በር ይዘጋል።

ኢኒያክ የተባለው ታላቅ የሒሳብ መኪና እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1946 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ ለሕዝብ በተገለጠ ጊዜ፥ የሥራ ትእዛዙን ያሰናዱለት ስድስት ሴቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን የሙያው መልክ የወንድ መልክ ሆኖ ተሣለ። በፒትስበርግ በሚገኘው በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ፥ በ1995 ወደ ኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ከገቡት አዲስ ተማሪዎች ሴቶቹ ከመቶ 7 ብቻ ነበሩ። ጄን ማርጎሊስና አላን ፊሸር ነገሩን ሲመረምሩ፥ ብዙዎቹ ሴቶች ሌት ተቀን ስለ መኪናው ብቻ እንደሚያስቡት ባልንጀሮቻቸው ስላልሆኑ፥ ስፍራው የእነርሱ እንዳልሆነ ይሰማቸው እንደ ነበር ተረዱ። ዩኒቨርሲቲውም ቀድሞ ለምዶ መምጣትን የመግቢያ መመዘኛ ማድረጉን ተወ፤ ላልለመዱትም የሚስማማ ትምህርት አሰናዳ። በ2000 ሴቶቹ ከመቶ 42 ሆኑ። በአምስት ዓመት ውስጥ የሴቶች አእምሮ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ደጁን ይጠብቅ የነበረው ልማድ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ጥበብን ሽቶ ወደ እኛ የሚመጣውን ወጣት «አትመስልም» ከማለታችን በፊት፥ ምን እንደሚያውቅና ምን ሊማር እንደሚወድ እንጠይቀው። ሳንጠይቅ የመለስነው ሰው ሌላ ሙያ ፈልጎ ይኖር ይሆናል፤ ሊሠራልን ይችል የነበረው ሥራ ግን ሳይሠራ ይቀራል።