በጋራሞንድ ስም

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። የማን ስም በማን መቃብር ላይ እንደሚውል ግን ተረቱ አይነግረንም። ይህን ጉድለት ጋራሞንድ ከሚባለው የላቲን ፎንት የተሻለ የሚያጋልጥ የለም። በየመስመሩ ጫፍ ትንንሽ እግር ያለው፣ ቀጠንና ረጋ ያለ፣ ረጅም መጽሐፍ ሲታተም ቶሎ የሚታወስ ፊደል ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1561 ከሞተው የፓሪሱ ፊደል ቀራጭ ከክሎድ ጋራሞንድ ነው። ሙያው ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር፤ ፊደሉ በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ተገልብጦ ይቀረጻል፣ ዘንጉ መዳብ ላይ ተመትቶ ጉድጓድ ያበጃል፣ በጉድጓዱ የቀለጠ እርሳስ ይፈስሳል። በዚህ ሁሉ መካከል ቀራጩ ስሙን የሚያሰፍርበት ቦታ የለም። የኔ ክርክር ከዚህ ይነሣል፦ ጥሩ ፊደል ሠሪውን ይደብቃል፤ ሠሪው የተደበቀ ሥራ ደግሞ ዝነኛ ስም ላለው ሰው ይሰጣል።

ጋራሞንድ ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሴዳን በተባለች ከተማ የሚኖር ዣን ዣኖን የተባለ ፕሮቴስታንት አታሚ የራሱን ፊደላት መቅረጽ ጀመረ። በ1621 ናሙናቸውን አሳተመ፤ በ1641 ደግሞ የፊደላቱን ማፍሰሻ መዳቦች ፓሪስ ውስጥ በካርዲናል ሪሽልዮ አነሣሽነት ለተቋቋመው የንጉሡ ማተሚያ ቤት ሸጠ። በዓመቱ በነዚሁ ፊደላት የታተመው መጽሐፍ የራሱ የሪሽልዮ ነበር፤ የካቶሊክን እምነት ከፕሮቴስታንት ሰባኪዎች የሚከላከል መጽሐፍ! የፕሮቴስታንቱ እጅ ያወጣው ፊደል ፕሮቴስታንቶቹን ሊረታ ተሰለፈ። ከዚያ በኋላ ዣኖን ተረሳ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማተሚያ ቤቱ ፊደላቱን የጋራሞንድ ናቸው አለ። ስሕተቱ የሚጋብዝ ነበር፤ ጋራሞንድ ለንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ የቀረጻቸው የግሪክ ፊደላት እዚያው ቤት ይገኙ ነበርና፣ የላቲኖቹንም ለእርሱ መስጠት ማንንም አላስደነቀም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካና የእንግሊዝ ፊደል አምራቾች እነዚህኑ እየቀዱ በጋራሞንድ ስም ሸጡ፤ የእንግሊዙ ሞኖታይፕ የራሱን ያወጣው በ1922 ነው።

ውሸቱን ያፈረሰችው አሜሪካዊቷ ቢያትሪስ ዋርድ ናት። በአሜሪካው ፊደል አምራች ቤተ መጻሕፍት ስትሠራ አለቃዋ ሄንሪ ቡለን ይህን ፊደል በጋራሞንድ ዘመን መጽሐፍ ውስጥ አይቶት እንደማያውቅ ነግሯት ነበር። ነገሩን አልተወችውም፤ የዣኖንን የ1621 ናሙና ፓሪስ በሚገኘው የማዛሪን ቤተ መጻሕፍት አገኘችና ግኝቷን በ1926 ዘ ፍለሮን በተባለ መጽሔት አወጣች። ጽሑፉ ላይ የሰፈረው ስም ግን ፖል ቦዦን ይላል፤ የወንድ ስም፣ ያውም የፈጠራ። የሐሰት ስምን በሐሰት ስም ማጋለጥ እንግዲህ እንዲህ ነው። ሞኖታይፕ በጽሑፉ ተማርኮ ቦዦንን ሲቀጥር በሩን ከፍታ የገባችው ሴት ነበረች።

አንባቢው «ፊደሉ ከተነበበ የማን ቢሆን ምን ገደደኝ?» ሊል ይችላል። ለዚህ ተቃውሞ ዋና ጠበቃው ዋርድ ራሷ ናት፤ ኅትመት እንደ ጠራ የወይን ብርጭቆ መሆን አለበት፣ መጠጡን እንጂ ራሱን አያሳይ ብላ ተከራክራለች። አንባቢውን በተመለከተ እስማማለሁ። ብርጭቆውን የሚመርጠው ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የዣኖን ሰያፍ ፊደላት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ልክ ያዘነብላሉ፤ የቀጥታዎቹም ራስ ሾል ብሎ በጥልቀት የተቦረቦረ ነው። የጋራሞንድ ከዚህ ይልቅ እርጋታ አለው። የ16ኛውን ክፍለ ዘመን ፓሪስ ፈልጎ የ17ኛውን ሴዳን የሚያገኝ መጽሐፍ አዘጋጅ ተታልሏል። ፊደልን በስምና በቁጥር ብቻ መምረጥ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ በ2014 ታይቷል፤ የአሜሪካ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች ወደ ጋራሞንድ ቢዞሩ በቀለም ብቻ በዓመት ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ይተርፋል የሚል ስሌት በጋዜጣው ሁሉ ተናፈሰ። ባለሙያዎቹ ስሌቱን ያዩት በሌላ ዐይን ነበር፦ ጋራሞንድ በተመሳሳይ የቁጥር መጠን ከሌሎቹ አንሶ ስለሚታይ፣ ቁጠባው ጽሑፍን አሳንሶ ከማተም የተለየ አይደለም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ጋራሞንድም ቢሆን ከቬኒሱ አሳታሚ ከአልዱስ ማኑቲየስ መጻሕፍት ተምሮ ነው፣ የእነዚያን ፊደላት የቀረጸው ደግሞ ፍራንቼስኮ ግሪፎ ነው፣ ታዲያ በመኮራረጅ በቆመ ሙያ ውስጥ ዣኖንን ለይቶ ማልቀስ ለምን? መኮረጁንማ ማን ነቀፈው! ያለ እርሱ ፊደል አይሻሻልም። የሚነቀፈው የሠሪውን ስም መሰረዙ ነው፤ ሙያው ራሱ ስም መጥራት ያውቅበት ነበርና። በ1592 ፍራንክፈርት ውስጥ የወጣ አንድ የፊደል ናሙና ቀጥተኞቹን የጋራሞንድ፣ ሰያፎቹን የሮበርት ግራንዦን እያለ በየስማቸው ይጠራቸዋል። ሻጩ ዝርዝሩን ያወጣው ለገበያ እንጂ ለታሪክ አልነበረም፤ እንዲያም ሆኖ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ከመጡት ይልቅ ታማኝ ሆነ። የሶፍትዌር ኩባንያው አዶቤ በ1989 የራሱን ጋራሞንድ ሲያወጣ የተመለሰው ወደ እውነተኛው ጋራሞንድ ሥራ ነው። ወርድ ከፍተው ከማይክሮሶፍት ጋር የመጣውን «ጋራሞንድ» ቢመርጡ ግን የሚያገኙት የ1922ቱን የሞኖታይፕ ቅጂ፣ ማለትም የዣን ዣኖንን ፊደል ነው።