ክሱ የማን ነው?

«ባልና ሚስት ከታረቁ ምን ቀረ?» የሚል ክርክር ሰሞኑን ሻይ ክበባችንን ሞልቶት ሰነበተ። እኛም ሕጉን ገልጠን ማየት መረጥን።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 መሠረት፣ የትዳር ጓደኛውን ወይም ያለ ጋብቻ አብራው የምትኖረውን የጎዳ ሰው፣ ሌላ ማንኛውንም ሰው እንደጎዳ ሁሉ በአካል ጉዳት አንቀጾች ይጠየቃል። ባልነት ቅናሽ አያስገኝም ማለት ነው። ነገሩ የሚለያየው ከዚያ በኋላ ነው። በአንቀጽ 556 ቀላል የተባለው ጉዳት የሚያስከስሰው ተበዳይዋ ስታመለክት ብቻ ነው፤ ታርቄያለሁ ካለችም ፋይሉ ብዙ ጊዜ እዚያው ይዘጋል። ነገር ግን ጉዳት ሊያደርስ የሚችል መሣሪያ ከተያዘ ወይም ተበዳይዋ ራሷን መከላከል የማትችል ከሆነች፣ ቅጣቱ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት እስራት ይሆናል፤ የግል አቤቱታም አያስፈልገውም። በአንቀጽ 555 የተመለከተው ከባድ ጉዳትማ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል።

ይህን በዓይናችን አይተነዋል። ኡራኤል በተከራየንበት ግቢ ቡና የምትሸጥ ጎረቤታችንን ባሏ በሙቀጫ ዘነዘና ክንዷን መታት። ሽማግሌዎች መጡና «ኧረ ተዪው፣ የልጆችሽ አባት እኮ ነው፣ ገመናሽን አታውጪ» አሏት። እሷም ነጠላዋን ተከናንባ ክሴን አንሱልኝ ልትል ሄደች። መርማሪው «እኅቴ፣ ክሱ ያንቺ አይደለም፣ የዐቃቤ ሕግ ነው» አላት። በጥፊ ቢሆን ኖሮ እኮ ሽማግሌዎቹ በዚያው ማታ ጨርሰውት ነበር! ከእጇ ያወጣው ዘነዘናው ነው።

አንዱ ጓደኛችን «እሱ ሲታሰር የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? ሕጉም ደግሞ ይመታት?» ብሎ ተቃወመ። ሐሰት አልተናገረም፤ የቤት ኪራይ ቀልድ አይደለም። ቢሆንም ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ ሲመጡ «እኔ ምን ላርግ፣ የመንግሥት ሆኗል» ብላ ስትመልስላቸው ሰምተናል። አንገቷን ሳትደፋ ስትናገር የሰማነው ያን ቀን ነው። ክሱ በእጇ ቢሆን ጀበና በጣደች ቁጥር ይለምኗት ነበር። ስለዚህ ጥፊውም ቢሆን ለልመና ባይተው እንመርጣለን። ለዕርቁም ቢሆን ቦታ አለው፤ እውነተኛ ጸጸትና ካሳ ቅጣት ሲወሰን ማቅለያ ይሆናሉ።

እሷ ዝም ብትል እንኳ የሐኪም ማስረጃና የሰማ ጎረቤት ካለ ጉዳዩ ይሄዳል። ችግሩ ጎረቤቱ ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ስንቱ የአንድ ግቢ ሰው ተበታተነ! በአዲሱ ሰፈር ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ማን ከማን ጎን እንደሚያድር ገና አልተዋወቀም።