በሐረጎ ቁልቁለት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ባለፈው ጥቅምት በብስክሌት ስንወርደው፣ ከመካከላችን ታናሹ ፊልም ሊያነሣ ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ ኖሮ፣ ከመታጠፊያው ላይ መኪና ቢገጥመው የጨበጠው አንዱን ፍሬን ብቻ ሆነ፤ ከገደሉ ያስቀረው የጠጠር ክምር ነው። ክንዱ ተልጦ ወደ እናቱ ቤት ይዘነው የገባን ጊዜ የሆነውን አንጽፈውም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ካሜራ ስንማከር አስቀድመን የምንጠይቀው የሥዕሉን ጥራት ሳይሆን ሁለቱን እጅ ነጻ ይተው እንደሆነ ነው። ኒክ ውድማን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የመጀመሪያው ጎፕሮም በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ነበርና። እኛም ከደመወዛችን አዋጥተን ደረት ላይ የሚታሰር ትንሽ ካሜራ ገዛን። ይሁን እንጂ ሌንሱ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ያን ሁሉ ቁልቁለት ሜዳ አስመሰለብን! ጭጋግ ሲወርድም ብርሃኑ ስለሚያንስ መዝጊያው ይዘገይና ምስሉ ይደበዝዛል። ቁልቁለቱን በሙሉ ግርማው የሚያሳየው ከመታጠፊያው ማዶ በሦስት እግር መቆሚያ ላይ የሚተከል ረጅም ሌንስ ነው፤ ዋጋውን ጠይቀን ዝም ብለን ተመለስን።

ታናሹ ግን ባለፈው እሑድ ሁለቱንም ፍሬን ጨብጦ ወረደ፤ እናቱም ፊልሙን ሁለት ጊዜ አዩት።