«ፋይል» ስለሚባለው ቃል

ወንድሞቼ ደቀ መዛሙርት ሆይ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ስንቆም፥ በኮምፒዩተርም ስንጽፍ ዘወትር ከአፋችን የማይጠፋ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አለ፤ እርሱም «ፋይል» ነው። ቃሉን ሁሉ ይናገረዋል፤ ምስጢሩን የሚመረምረው ግን ጥቂት ነው። እኛም የጉባኤ ቤት ልጆች ነንና እንደ መምህራኖቻችን ልማድ «አንድም» እያልን ብንፈታው የሚነቅፈን አይኖርም።

ፋይል፥ የብረት መሞረጃ፥ ሞረድ። ይህ በድምፅ ብቻ የተገናኘ ባዕድ ስለ ሆነ እንተወው። አንድም፥ ተከታትሎ የሚሄድ ሰልፍ። አንድም፥ ክር፤ ዋናው ይህ ነው። ሮማውያን ክርን «ፊሉም» ይሉታል፤ ከእርሱም በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ገባ። የጥንት የእንግሊዝ ጸሐፍት ወረቀቱን እየበሱ በክር ወይም በሽቦ ይሰኩት ነበርና የተሰካው ሁሉ በክሩ ስም ተጠራ።

በኮምፒዩተርም ያው ክር ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 50 ዲስክ ያለውን፥ 5 ሚሊዮን ፊደል የሚይዘውን ማከማቻ ባወጣ ጊዜ ዕቃውን እንዳለ «የዲስክ ፋይል» ይሉት ነበር። ዛሬ ፋይል የምንለው ግን በውስጡ በአንድ ስም የሚጠራውን ጽሑፍ ወይም ሥዕል ነው። ለዓይናችን አንድ ሆኖ የሚታየው ጽሑፍ በዲስኩ ላይ ተበታትኖ ሊቀመጥ ይችላል፤ አንድ የሚያደርገው ቍራጩ ሁሉ የት እንዳለ የሚያመለክት ዝርዝር ነው። ስንሰርዘውም በተለመደው ዲስክ አስቀድሞ የሚጠፋው ምልክቱ ነው፤ ጽሑፉ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ በስፍራው ይቈያል። ክሩ ተበጠሰ እንጂ ወረቀቱ አልተቃጠለም እንደ ማለት ነው።

የእኛ «መዝገብ» ከዚህ ይለያል። በግእዝ «ዘገበ» ማለት አከማቸ ማለት ነው፤ መዝገብም የሀብት ማከማቻ፥ ደግሞም ሀብቱ ራሱ ነው። እንግዲህ የእነርሱ ቃል ማሰሪያውን ያያል፥ የእኛ ቃል የታሰረውን። («የግል ማኅደር» የሚሉ መሥሪያ ቤቶችም አሉ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚጥመኝ ይህ ነው።)

ይህ ልዩነት የቃል ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ቢኖር፥ ከገዳማችን አባቶች በአንዱ በዚህ በኢየሩሳሌም የደረሰውን ይስማ። የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ወረቀታቸውን ሁሉ አስገብተው ነበር፤ በቀጠሮው ቀን አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያቸው ሄድሁ። ጸሐፊዋ በእንግሊዝኛ «ፋይል የላቸውም» አለች። አባም ነገሩን በመዝገብ አስበው «ልጄ፥ በእጄ ያስረከብሁት እንዴት የለም ይባላል?» አሉ። ሁለቱም እውነት ተናገሩ። ወረቀቱ ከቤቱ አልወጣም፤ ዳሩ ግን በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ገብረ» የሚለው ከስማቸው ተለይቶ ራሱን እንደ ቻለ ስም ስለ ተቈጠረ በሌላ ክር ተሰክቶ ነበር። ፈቃዱ ሊያልቅ የቀረው 4 ቀን ነው፤ አባም ወንበሩ ላይ ተቀምጠው መቍጠሪያቸውን ይዘው ዝም አሉ። በፓስፖርቱ ቍጥር እንድትፈልግልን ለመንናት፤ ብዙ ሳትቈይም አገኘችው።

አባ ያን ቍጥር በትንሽ ወረቀት አስጽፈው በዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ አኑረውታል፤ ወደ መሥሪያ ቤት ሲሄዱ አስቀድመው የሚያወጡት እርሱን ነው።